ፎቶግራፉ ወጣ፣ ቃሉስ ተመለሰ? የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የፍሊከር ሙከራ፦ የጉዳይ ጥናት

የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 16 ቀን 2008 ከ3,100 በላይ የቆዩ ፎቶግራፎችን ፍሊከር በተባለው የፎቶ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ አወጣ፤ ያየ ሁሉ ታግ (ለፍለጋ የሚረዳ አጭር መለያ ቃል) እንዲለጥፍባቸው፣ አስተያየት እንዲጽፍባቸው፣ የሚያውቀውንም እንዲናገር ጋበዘ። ከፎቶግራፎቹ ብዙዎቹ የዕለት ተዕለት ኑሮ ሥዕሎች ናቸው። የባቡር ጽዳት ሠራተኞች የሆኑ ሴቶች የሥራ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ምሳ ሲበሉ፣ ገበሬዎች በመንደር ትርዒት ላይ ሰብሰብ ብለው ሲመገቡ፣ የኳስ ተጫዋቾች ከሜዳ ዳር ቆመው፣ አድማ የመቱ ሠራተኞች ጎዳና ላይ ተሰልፈው ይታያሉ። በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ያሉት ሰዎች በአብዛኛው ስማቸው በየትኛውም የታሪክ መጽሐፍ አልተጻፈም።

ስለዚህ ሙከራ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የተመልካቹ ብዛት ነው። እኔ ግን ጉዳዩን ለማጥናት የመረጥሁት በሌላ ምክንያት ነው። ፎቶግራፍን በኢንተርኔት ማውጣት አንድ ሥራ ሲሆን ማቆየት ሌላ ሥራ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኘው መንገድም ሕዝቡ የሰጠው ቃል ተጣርቶ ወደ ፎቶግራፉ መዝገብ የሚመለስበት መንገድ ነው። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይህን መንገድ ከመጀመሪያው ዘረጋ፤ የሙከራው ትልቅነት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ከመስታወቱ የተነሣው ችግር

ቤተ መጻሕፍቱ በጊዜው ከ14 ሚሊዮን በላይ ፎቶግራፎች፣ ሕትመቶችና ሌሎች የሥዕል ሰነዶች በእጁ ነበሩ፤ ከእነዚህም አንድ ሚሊዮን ያህሉ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ባለው ካታሎግ ለማንም ክፍት ነበሩ። ይሁን እንጂ ወደዚያ ካታሎግ የሚገባው ሰው በአብዛኛው የሚፈልገውን አስቀድሞ የሚያውቅ ተመራማሪ ነው። የፎቶግራፍ ፍቅር ብቻ ያለው ሰው፣ ወይም አያቱ የኖሩበትን መንደር ለማየት የሚጓጓ ሰው፣ ካታሎግ መኖሩንም ላያውቅ ይችላል። ፍሊከር በአንጻሩ በኖቬምበር 2007 ከሁለት ቢሊዮን በላይ ፎቶግራፎች የተከማቹበት፣ ሰዎች ሥዕል ለማየትና ስለ ሥዕል ለመነጋገር በየቀኑ የሚገቡበት ስፍራ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ በአካል እንጂ በሐሳብ ሩቅ ካልሆነው ከዚህ ሕዝብ ዘንድ ለመሄድ ወሰነ።

ለሙከራው ሁለት ስብስቦች ተመረጡ። የመጀመሪያው የቤይን የዜና አገልግሎት ስብስብ ነው። ጆርጅ ግራንታም ቤይን በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ለጋዜጦች የዜና ፎቶግራፍ ያቀርብ የነበረ ድርጅት ባለቤት ነበር፤ ወደ 40,000 የሚጠጉ የመስታወት ነጋቲቮቹንም፣ ማለትም ፎቶግራፉ የሚታተምባቸውን የመስታወት ሰሌዳዎች፣ ቤተ መጻሕፍቱ በ1948 ተረከበ። የዚህን ስብስብ አንድ ነጋቲቭ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ የጉዳዩ ፍሬ ነገር ከዚያ ላይ ተጽፏልና። ምስሉ ካረፈበት ስስ ሽፋን ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከታች ጠርዝ፣ የድርጅቱ ሠራተኛ በእጁ የጻፋቸው ጥቂት ቃላት አሉ፦ የአባት ስም ብቻ፣ ወይም በባሏ ስም የተጠራች ሴት፣ ወይም ያጠረ የቦታ ስም። ጽሑፉ የተጻፈው ለነገው ጋዜጣ በሚቸኩል እጅ ነው። በዚያን ዕለት ጋዜጣ ለሚያነብ ሰው የአባት ስሙ ብቻ ይበቃው ነበር፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ለሚመለከት ሰው ግን ያ ስም ምንም አይነግረውም። ቀን ያልተጻፈባቸው ብዙ ናቸው፤ ፊደላቸው የተሳሳተም አለ። ቤተ መጻሕፍቱም የ40,000 ነጋቲቮችን ስምና ቀን እያንዳንዱን አጣርቶ የሚጽፍ በቂ ሰው ስላልነበረው፣ መስታወቱ ላይ ያለውን እንዳለ ገልብጦ፣ ርእሱ ካልተጣራ የድርጅቱ መረጃ የተወሰደ መሆኑን በካታሎጉ ላይ በግልጽ አሰፈረ። ይህ የሐቀኛ መዝገብ ጠባይ ነው፤ የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ አይጽፍም።

ሁለተኛው ስብስብ የእርሻ ዋስትና አስተዳደር እና የጦርነት መረጃ ቢሮ የተባሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከ1939 እስከ 1944 ያስነሷቸው ወደ 1,600 የሚጠጉ የቀለም ፎቶግራፎች ናቸው። ራስል ሊ በኦክቶበር 1940 ፓይ ታውን በምትባል የኒው ሜክሲኮ መንደር ያነሣቸው ሰፋሪ ገበሬዎች፣ አልፍሬድ ፓልመር በፌብሩዋሪ 1943 ቴነሲ ውስጥ በአውሮፕላን ፋብሪካ መሰርሰሪያ ይዛ ያነሣት ሴት፣ ጃክ ዴላኖ በኤፕሪል 1943 ክሊንተን አዮዋ ላይ ያነሣቸው የባቡር ጽዳት ሠራተኞች ከዚህ ስብስብ ናቸው። እነዚህ መሥሪያ ቤቶች በይበልጥ የሚታወቁት በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎቻቸው በመሆኑ፣ የቀለሞቹን ያየ ሰው ሁሉ ተደነቀ። ያ ዘመን በአእምሮው የተሣለው ያለ ቀለም ነውና፣ ቀይ ከናፍርና ሰማያዊ ሰማይ ሲያይ ሰዎቹ ወደ እርሱ የቀረቡ ይመስለዋል። ኮዳክሮም የተባለው ፊልም በጨለማና በቀዝቃዛ ስፍራ ሲቀመጥ ቀለሙን ለረጅም ዘመን ስለሚጠብቅ፣ ሥዕሎቹ ትናንት የተነሡ ያህል ነበሩ።

የመብቱ ጥያቄ

ከመጀመሪያዎቹ እንቅፋቶች አንዱ የቅጂ መብት ነበር። የመንግሥት ሠራተኞች በሥራቸው ያነሷቸው የቀለም ፎቶግራፎች በአሜሪካ ሕግ በቅጂ መብት የተያዙ አይደሉም። በቤይን ስብስብ ላይም የታወቀ ገደብ አልነበረም። ችግሩ ሌላ ነበር፤ በፍሊከር ላይ የነበሩት የፈቃድ ዓይነቶች በሙሉ የተዘጋጁት መብቱን በእጁ ለያዘ ሰው ነው፤ መብት ያለው ሰው ነው «ፈቅጃለሁ» ሊል የሚችለው። ቤተ መጻሕፍቱ ግን የፎቶግራፎቹ ጠባቂ እንጂ የመብታቸው ባለቤት አልነበረም። ስለዚህ በፍሊከር በኩል ጉዳዩን ከያዘችው ከጆርጅ ኦትስ እና ከባልደረቦችዋ ጋር በመሆን «የታወቀ የቅጂ መብት ገደብ የለም» የሚል አዲስ መግለጫ ተዘጋጀ፤ ይህን መግለጫ የሚጠቀሙ ተቋማት የሚሰባሰቡበት ክፍልም ኮመንስ ተብሎ ተከፈተ። ቃሉ በጥንቃቄ የተመረጠ ነው። መብት የለም አይልም፤ እኛ ፈልገን ያገኘነው ገደብ የለም ይላል።

አወጣጡ

ቤተ መጻሕፍቱ ወደ ፍሊከር የላከው ቅጂ ነው። ትልልቆቹ የስካን ፋይሎች ከራሱ ማከማቻ አልወጡም፤ ነጋቲቮቹም ከመጋዘናቸው አልተነቃነቁም። በእያንዳንዱ ቅጂ ስር የፎቶግራፉ ርእስ፣ የመለያ ቁጥሩና በቤተ መጻሕፍቱ ካታሎግ ውስጥ ወዳለው ቋሚ አድራሻው የሚመልስ ሊንክ ተጻፈ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም የጉዳዩ ምሰሶ ነው። ቅጂው የትም ቢሄድ፣ በየትኛውም ገጽ ላይ ቢወጣ፣ መለያ ቁጥሩ አብሮት እስካለ ድረስ ወደ ዋናው መዝገብ መመለስ ይቻላል። ሊንኩ የተሠራው የቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ቢለወጥ እንኳ እንዳይሰበር ታስቦ ነው።

ከዚህ በኋላ በየሳምንቱ ዓርብ 50 አዳዲስ የቤይን ፎቶግራፎች ይጨመሩ ጀመር። አንዳንድ ተቋማት ሁሉንም በአንድ ቀን አራግፈው ይሄዳሉ፤ ቤተ መጻሕፍቱ በጥቂት በጥቂቱ ማውጣቱ ግን ሰዎች ዓርብን እንዲጠብቁና በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ ጊዜ እንዲወስዱ አደረገ። 50 ሥዕል አንድ ሰው በሳምንት ውስጥ በእርጋታ ሊመለከተው የሚችል መጠን ነው።

የመጣው ሕዝብ

በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ብቻ 1.1 ሚሊዮን ዕይታ ተመዘገበ። ቤተ መጻሕፍቱ በኦክቶበር 2008 ባወጣው የሙከራው ዘገባ ላይ እንደተገለጸው፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ 4,615 ፎቶግራፎች 10.4 ሚሊዮን ጊዜ ታይተው ነበር፤ 2,562 ሰዎች በ2,873 ፎቶግራፎች ላይ 7,166 አስተያየቶች ጽፈው ነበር፤ 2,518 ሰዎች ደግሞ 67,176 ታጎች ለጥፈው ነበር። በቤተ መጻሕፍቱ የራሱ የሥዕል ካታሎግ ላይ የሚገባው ጎብኚም ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ባሉት ወራት ከዓመት በፊት ከነበረው በ20 በመቶ ጨመረ። ብዙዎች የፈሩት፣ ፎቶግራፉን ውጭ ካሳየን ማን ወደ እኛ ይመጣል የሚለው ስጋት፣ በእነዚህ ወራት አልታየም። ከቤተ መጻሕፍቱ ቀጥሎ በኤፕሪል 2008 ኮመንስን የተቀላቀለው የሲድኒው ፓወርሃውስ ሙዚየምም፣ በአራት ሳምንት ያገኘው ዕይታ እነዚያው ፎቶግራፎች በራሱ ድረ ገጽ ላይ ባለፈው ዓመት በሙሉ ካገኙት እንደበለጠ አስታውቋል።

ሌላው ስጋት ስድብና ቆሻሻ ጽሑፍ ገጹን ያጥለቀልቀዋል የሚል ነበር። በእነዚያ ዘጠኝ ወራት ተገቢ ባለመሆኑ የተነሣ ጽሑፍ ከ25 ያነሰ ነው። ይህ ቁጥር ዛሬ ማኅበራዊ መገናኛን ለለመደ ሰው የማይታመን ይመስላል። እኔ በበኩሌ ምክንያቱ የሥዕሎቹ ጠባይ፣ የሕዝቡ ስብጥርና የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች በውይይቱ ውስጥ በስማቸው መገኘታቸው ነው ባይ ነኝ፤ የቤት ባለቤት ሲቀመጥ እንግዳ ይታረማል።

ስለ ታጎቹ ብዙ አልናገርም። የፎቶግራፉን ይዘት የሚያመለክቱ፣ ስሜትን የሚገልጹ፣ በልዩ ልዩ ቋንቋ የተጻፉ ታጎች ነበሩ፤ በፍሊከር ውስጥ ለሚፈልግ ሰው መንገድ ከፍተዋል። ካታሎግ ሠሪ «የሴት ሠራተኛ» ብሎ የመዘገበውን ሥዕል፣ ሌላው ሰው በራስ መሸፈኛዋ ጨርቅ፣ በመሰርሰሪያው፣ በቀይ ቀለሙ ሊፈልገው ይችላል። ነገር ግን ታግ አንድ ቃል ነው፤ ማን እንደጻፈውና በምን ማስረጃ እንደጻፈው አይናገርም።

አስተያየቱ፦ የሁለት ዓይነት እውቀት

ወርቁ የተገኘው ከአስተያየቶቹ ውስጥ ነው። «እንዴት ያምራል» ከሚሉት ብዙ ጽሑፎች መካከል፣ ወደ 20 የሚጠጉ ሰዎች ዓርብ ዓርብ እየጠበቁ የቤይንን ሥዕሎች አንድ በአንድ ይመረምሩ ጀመር። ሥራቸው የመርማሪ ሥራ ነበር። መስታወቱ ላይ ያለውን የአባት ስም ይዘው በዲጂታል ወደ ተቀመጡ የቆዩ ጋዜጦች ይገባሉ፤ በዚያ ሳምንት በዚያ ስም የተጠራ ማን እንደነበረ ይፈልጋሉ፤ ካገኙም የጋዜጣውን ቀንና ሊንኩን ከአስተያየታቸው ጋር ያስቀምጣሉ። ከበስተኋላ የሚታየውን ሕንፃ፣ የመርከቧን ጭስ መውጫ፣ የኳስ ተጫዋቹን ማሊያ አይተው ዓመቱን የሚያጠብቡም ነበሩ። አንዱ ያመጣውን ሌላው ይፈትነዋል፤ «ያ ሰው በዚያ ዓመት ሞቶ ነበር» ይላል፤ የመጀመሪያው ተመልሶ ይፈልጋል። በዚህ መንገድ በባሏ ስም ብቻ የተጠራች ሴት የራስዋን ስም አገኘች፤ «በ1910 እና በ1915 መካከል» የነበረው ቀን ወደ አንድ ወር፣ ወደ አንድ ዕለት ጠበበ።

ሌላው ዓይነት እውቀት ትዝታ ነው። ጃክ ዴላኖ በ1940 መጨረሻ አካባቢ በማሳቹሴትስ፣ በብሮክተን ከተማ፣ ስኩልና ሜይን የተባሉ መንገዶች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ የነበረ ሲልቪያ ስዊትስ የተባለ የሻይ ቤት አንሥቷል። ሥዕሉ ውስጥ ድርጊት የሚባል ነገር የለም፤ የቆመ ሕንፃ፣ ማስታወቂያ፣ መንገድ፣ ያ ብቻ ነው። ይህ ሥዕል ግን ረጅም ውይይት አስነሣ። ከከተማዋ ጋር ትዝታ ያላቸው ሰዎች ስለዚያ ማዕዘን ይናገሩ ጀመር፤ ቦታው ዛሬ ምን እንደሚመስልም ተነሥቶ ከድሮው ጋር ተነጻጸረ። ትዝታ በጋዜጣ ሊንክ አይረጋገጥም። ሆኖም መንገዱን ያለፈበት ሰው የሚሰጠውን ቃል የትኛውም ካታሎግ ሠሪ ከጠረጴዛው ሆኖ ሊያገኘው አይችልም። ያ ሰው ካለፈ ደግሞ ቃሉም አብሮት ያልፋል። የዕለት ተዕለት ኑሮ ፎቶግራፍ ከታላላቅ ክስተቶች ፎቶግራፍ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ የንጉሥ ዘውድ መጫን በብዙ መጽሐፍ ተጽፏል፤ የሻይ ቤቱ ማዕዘን ግን የተጻፈው በሚያስታውሱት ሰዎች ልብ ውስጥ ብቻ ነው።

የመመለሻው መንገድ

አሁን ወደ ጉዳዩ ልብ እደርሳለሁ። አስተያየቱ ፍሊከር ላይ ቢቀር ኖሮ ሙከራው አስደሳች ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ የሥዕል ክፍል ሠራተኞች ግን አስተያየቶቹን እያነበቡ፣ የቀረበውን ማስረጃ ራሳቸው እያጣሩ፣ ያመኑበትን ወደ ካታሎጋቸው ያስገቡ ነበር። ዘገባው እስከ ወጣበት ጊዜ ድረስ ከ500 በላይ መዝገቦች በዚህ መንገድ ተሻሽለዋል።

አንዱን የተሻሻለ መዝገብ ቀረብ ብለን እንመልከት። ከላይ በመስታወቱ ላይ የነበረው ርእስ እንዳለ ተቀምጧል፤ ስሕተቱም፣ ማጠሩም አልተነካም። ከዚያ በታች ባለው ማስታወሻ፣ ፎቶግራፉ የሚያሳየው ማንን እንደሆነ ሙሉ ስሙ፣ አንዳንድ ጊዜም የተወለደበትና የሞተበት ዓመት፣ ዝግጅቱና ቀኑ ተጽፏል። በማስታወሻው መጨረሻ ላይ፣ በቅንፍ ውስጥ፣ «ምንጭ፦ የፍሊከር ኮመንስ ፕሮጀክት፣ 2008» የሚል ይነበባል። ሦስት ነገሮች በሦስት ቦታ ተለይተው ይኖራሉ፦ የፎቶግራፍ ድርጅቱ የጻፈው፣ ሕዝቡ የጨመረው፣ የጨመረበትም ጊዜ። ነገ አንድ ተመራማሪ ስሙ የተሳሳተ ነው ብሎ ቢከራከር፣ የትኛው ቃል ከማን እንደመጣ ያውቃል። የድሮውን ርእስ አጥፍቶ በአዲሱ መተካት ቀላል ነበር፤ ግን መዝገቡን ይጎዳው ነበር፤ ምክንያቱም የመስታወቱ ጽሑፍ ራሱ የታሪክ ማስረጃ ነው።

ይህን ሳነብ የሚቆጨኝ ነገር አለ። የቤተሰብ ፎቶግራፎችን ስካን ለማድረግ የተነሣሁ ጊዜ የፊታቸውን ብቻ ስካን አደረግሁ፤ በጀርባቸው በእርሳስ የተጻፈውን ስምና ቀን አላነሣሁትም ነበር። በኋላም ፎቶግራፎቹ ከአልበማቸው ወጥተው ተደበላለቁ። ፋይሎቹ ዛሬም ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ከልጆቹ መካከል የትኛው ማን እንደሆነ ግን ከዘመዶች መካከል በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። በኢንተርኔት የሚዞሩ የድሮ ፎቶግራፎች አብዛኞቹ በዚህ ሁኔታ ላይ ናቸው። ብዙ ማኅበራዊ መገናኛዎች ፎቶ ሲጫን በፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን መረጃ ያራግፉታል። ከአንዱ ገጽ አውርዶ በሌላው የሚጭን ሰውም የስሩን መግለጫ ይተወዋል። ፎቶግራፉ በሺህ ቅጂ ይበዛል፤ የተነሣበት ቦታ፣ ያነሣው ሰው፣ የሰዎቹ ስም ግን በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው እጅ ላይ ይቀራል። የቅጂ ብዛት የመቆየት ዋስትና የሚመስለን ስሕተት ከዚህ ይመነጫል።

በመጋራቱ ላይ የማነሣው አንድ ጥያቄም አለ። በፓይ ታውን የተነሡት ገበሬዎች ወይም በክሊንተን ምሳ ሲበሉ የታዩት ሴቶች ሥዕላቸው በዓለም ፊት ይወጣል ብለው አልገመቱም። ሥዕሎቹ ለመንግሥት ሥራ የተነሡ፣ በሕግም ክፍት የሆኑ ናቸው፤ ቢሆንም ሕግ የፈቀደው ሁሉ ለተሣለው ሰው ክብር ይበቃል ማለት አይቻልም። ስም ሲጨመር ደግሞ ጥያቄው ይከብዳል፤ ስም የተሰጠው ፊት ዘመዶች አሉት። ቤተ መጻሕፍቱ ለመጀመሪያ ሙከራ ስድሳ ዓመትና ከዚያ በላይ ያስቆጠሩ ስብስቦችን መምረጡ ይህን ሸክም አቅልሎታል። የቅርብ ዘመን የቤተሰብ ፎቶግራፎችን የሚያወጡ ሰዎች ግን ይህ እፎይታ የላቸውም፤ አስቀድመው መጠየቅ የሚገባቸውም ከሥዕሉ ሰዎች መካከል ያሉትን ነው።

ቤቱ የሌላ ሰው ነው

ኮመንስ በአምስተኛ ዓመቱ 56 ቤተ መጻሕፍትን፣ ቤተ መዛግብትንና ሙዚየሞችን፣ ወደ 250,000 ፎቶግራፎችንም ይዞ ነበር። ይሁን እንጂ የቆመበት መሬት የራሱ አልነበረም። ፍሊከር በ2004 ተከፍቶ በ2005 ወደ ያሁ የተዛወረ የንግድ ድርጅት ነው። ኮመንስን ያቋቋመችው ጆርጅ ኦትስ በዚያው በ2008 መጨረሻ ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ ከሥራዋ ወጣች። ያሁ በ2009 ጂኦሲቲስ የተባለውንና እጅግ ብዙ ሰዎች የግል ገጾቻቸውን የሠሩበትን አገልግሎት ዘጋ፤ ይህን ያዩ የቤተ መዛግብት ሰዎች የፍሊከርም ዕጣ እንዲሁ ይሆናል ብለው ቢሰጉ አይፈረድባቸውም። ፍሊከር በ2017 ከያሁ ጋር ቬራይዘን በተባለ የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ሥር ሆነ፤ በኤፕሪል 2018 ደግሞ ስመግመግ የተባለ ድርጅት ገዛው። በኖቬምበር 2018 አዲሱ ባለቤት ነፃ ተጠቃሚዎች ከ1,000 በላይ ፎቶግራፍ እንዳይኖራቸው ወሰነ፤ ከዚያ የሚበልጠውም በ2019 መሰረዝ እንደሚጀምር አስታወቀ። የኮመንስ ፎቶግራፎች ከዚህ ውሳኔ ነፃ ተደረጉ። ነፃ የተደረጉት ግን በባለቤቱ በጎ ፈቃድ ነው። ለዓመታት የቤተሰባቸውንና የሰፈራቸውን ሥዕል በነፃ አካውንት ሲያከማቹ ለኖሩ ተራ ሰዎች ምርጫው መክፈል፣ ማውረድ ወይም ማጣት ነበር።

በዚህ ወቅት ቤተ መጻሕፍቱ አንድም ፎቶግራፍ ሊያጣ አይችልም ነበር፤ ቅጂ እንጂ ዋናውን አልሰጠምና። ሊያጣ የሚችለው ንግግሩን ነው። ከፍሊከር ላይ ፎቶግራፍ የሚያወርድ ሰው የምስሉን ፋይል እንጂ ከስሩ የተጻፈውን ውይይት አያገኝም። በሥዕሉ ላይ አንድን ቦታ ከብቦ ማስታወሻ ለመጻፍ ያገለግል የነበረው ኖት የተባለው መሣሪያም በአንድ ወቅት በገጹ ለውጥ ምክንያት ጠፍቶ ቆይቶ ነው የተመለሰ። በ2008ቱ ዘገባ መሠረት በካታሎጉ የተሻሻሉት ከ500 በላይ መዝገቦች ናቸው፤ እስከዚያው ጊዜ ድረስ አስተያየት የተጻፈባቸው ፎቶግራፎች ግን 2,873 ነበሩ። ልዩነቱ ቸልታ አይደለም፤ አብዛኛው አስተያየት አድናቆት ነው፣ ማጣራትም የሰው ጊዜ ይበላል። ነገር ግን በዚያ ልዩነት ውስጥ እንደ ብሮክተኑ ሻይ ቤት ያለ፣ ለካታሎግ ማስታወሻ የማይመጥን፣ ሆኖም ሊጠፋ የማይገባው ብዙ ትዝታ አለ።

በ2022 ፍሊከር ፋውንዴሽን የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ተቋቋመ፤ በመሪነት የተቀመጠችውም ከ14 ዓመት በፊት ኮመንስን የጀመረችው ጆርጅ ኦትስ ናት። ዓላማው የፍሊከርን ፎቶግራፎች ለ100 ዓመት ማቆየት ነው። ከጀመራቸው ሥራዎች አንዱ ዳታ ላይፍቦት፣ ማለትም የመረጃ ሕይወት አድን ጀልባ፣ ይባላል፤ የተመረጡ ፎቶግራፎችን ከርእሳቸው፣ ከታጋቸውና ከተጻፈባቸው አስተያየት ጋር በአንድ ጥቅል አድርጎ፣ ፍሊከር ባይኖርም እንኳ በሌላ ስፍራ ሊከፈት በሚችል መልክ ለማውጣት የታሰበ ነው። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች በእጃቸው፣ አንድ መዝገብ በአንድ መዝገብ ሲሠሩት የነበረውን ነገር ለቀረው ንግግር ሁሉ ለማድረስ የሚሞክር መሣሪያ ነው። ጥቅሉን ተቀብሎ የሚያስቀምጥ፣ በየጊዜው የሚከፍትና የሚፈትሽ ተቋም ግን ከሌላኛው ወገን መኖር አለበት፤ ላይፍቦቱ የሚደርስበት ወደብ ገና እየተፈለገ ነው።